የጓርዳ በር መቀርቀሪያ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ደጋው የሚወጣ ሰው፣ መንገዱ ገደሉን ታክኮ ሲጠመዘዝ ከታች አንድ ግንብ ያያል። የዛሬ መንገደኛ በማኪናው መስኮት ቁልቁል ተመልክቶ «የነገሥታቱ ጊዜ ነው» ይልና ያልፋል። አይፈረድበትም፤ የሚነግረው የለ። ግንቡ ቤተ መንግሥትም አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያንም አይደለም። የወንዝ በር ነው። ጓርዳ በሚባለው ወንዝ፣ ከአሮጌው ድልድይ ወገብ ላይ፣ በድንጋይና በኖራ ተገንብቶ የቆመ፣ አናቱ ጥርስ ያለው፣ ጎንና ጎኑ ለጠመንጃ አፍ የተሸነቆረ በር። ከወዲህ ያለው አገር ዋርካ ሜዳ ይባላል፤ ከወዲያ ያለው ጥድ አፋፍ። በመካከል የበር ቤት ሰዎች ይኖራሉ። ይኖሩ ነበር ማለት ይሻላል፤ አሁን የቀረው አያ ውድነህ ብቻ ነው።

የቤቱ አባት ደጃዝማች ዕንባቆም ይባሉ ነበር። ንጉሡ በሩን ሲሰጧቸው «ከወዲህም አትሁን፣ ከወዲያም አትሁን፤ መካከል ሁን» አሏቸው ይባላል። ሁለቱ ማዶ በሣርና በውኃ ሲተላለቁ የኖሩ ናቸውና። ዘሮቻቸውም ቃሉን አጥብቀው ያዙት። አባት ከዋርካ ሜዳ ካገባ ልጅ ከጥድ አፋፍ ያገባል፤ የልጅ ልጅ ደግሞ ተመልሶ ከዋርካ ሜዳ። የማንኛውንም ማዶ ማኅበር አይጠጡም። ለማንም ደቦ አይወጡም። እድር የሚሉት ሲመጣም እድር አልገቡም። ሲከበሩ ኖሩ፤ ሲፈሩ ኖሩ። ነጋዴው ከነበቅሎው ቆሞ ጨው ቆጥሮላቸው ያልፍ ነበር። ዳሩ ግን የተከበረ ሰው ደጁን የሚያንኳኳ ጎረቤት የለውም፤ ይህን አያ ውድነህ በስተርጅና ነው ያወቀው።

የበሩ ሳንቃ ከበሰበሰ ቆይቷል። የቀረው መቀርቀሪያው ነው፤ ከግራና ከቀኝ ግድግዳው ላይ በተፈለፈለው ድንጋይ የሚጋደም፣ ሰው ደረት የሚደርስ የወይራ ግንድ። ሳንቃ የሌለው መቀርቀሪያ ማንን ያግዳል? ጎንበስ ብሎ ማለፍ ነው እንጂ። ግን አይደረግም። ከመቀርቀሪያው ሥር ጎንበስ ብሎ ያለፈ የበር ቤት ሎሌ ሆነ ይባላል። ሎሌነቱ ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ ነውሩ ግን አልቀረም። ሕፃን ያልፋል፣ ውሻ ያልፋል፣ የቤቱ ልጅ ያልፋል። የዋርካ ሜዳና የጥድ አፋፍ ጎልማሳ ግን አንገቱ ቢቀላ አያጎነብስም።

መቀርቀሪያው የሚጋደመው በዓመት አንድ ቀን፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። ያን ቀን ጠዋት በር ጠባቂው ያጋድመዋል። የሁለቱ ማዶ ሽማግሎች በየወገናቸው ይመጣሉ። ቤቱ እንዲቀጥል ከፈለጉ «አንሣው» ይሉታል፤ እሱ በገዛ እጁ ያነሣዋል፤ ዓመቱ ታደሰ። ሊያሰናብቱት ከፈለጉ ግን እሱ አይነካውም። ከወዲህ አንድ ሰው፣ ከወዲያ አንድ ሰው፣ ጫፍና ጫፉን ይዘው ያነሡታል፤ ያኔ ቤቱ ከቃሉ ተፈታ። ማንም ካልመጣስ? ፀሐይ ስትጠልቅ ጠባቂው ራሱ ያነሣዋል፤ መንገድ ተዘግቶ አያድርምና። ዓመቱም ያው ይታደሳል።

የበር ቤት ሰዎች ድሮ ያን ቀን የሚፈሩት እንዳይሰናበቱ ነበር። አያ ውድነህ ግን እንዲያሰናብቱት ይለምን ጀመር።

ከታች፣ ወንዙ በሚሰፋበት፣ የሲሚንቶ ድልድይ ከተሠራ ወዲህ በአሮጌው የሚያልፍ ከብትና ከብት ጠባቂ ብቻ ነው። የሚጣላ የለም፣ የሚታረቅም የለም፣ የሚጠበቅም ነገር የለም። በየዓመቱ መቀርቀሪያውን ያጋድማል፤ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ የሚመጣ የለም፤ ማታ ራሱ ያነሣዋል። ትከሻው አልቋል። ዓይኑ ሞራ ለብሷል። አንድ ልጁ ሄለን ጎንደር፣ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። «እኔ ዘንድ ና፣ ዓይንህም ይታይ» ስትለው ስንት ጊዜዋ ነው። ግን አባቱ ሲሞት እጁን ይዞ «ሳይለቁህ አትልቀቅ» ብሎ አስምሎታል። መሐላ ደግሞ ጋቢ አይደለም፣ ሲሞቅ የሚጣል።

ዘንድሮ ለሁለቱም ማዶ አስቀድሞ ላከባቸው። «ደክሞኛል፤ መጥታችሁ አሰናብቱኝ» አለ። የዋርካ ሜዳ ሰዎች «የጥድ አፋፍ ሰዎች ከመጡ እንመጣለን» ብለው መለሱ። የጥድ አፋፍ ሰዎች ምን እንዳሉ መናገር አያስፈልግም።

የቀኑ ቀን ጠዋት የዋርካ ሜዳ ከብቶች ወደ ጥድ አፋፍ ግጦሽ ካለፉ በኋላ ገመድ አበጅቶ፣ አንዱን ጫፍ ጎትቶ፣ አረፍ ብሎ፣ ሌላውን ጎትቶ፣ መቀርቀሪያውን አጋደመው።  ግድግዳውን ተደግፎ ከድንጋዩ መቀመጫ ላይ ተቀመጠና ወንዙን ማዳመጥ ጀመረ። ኅዳር ነውና ውኃው ቀጥኗል፤ ድንጋይ ለድንጋይ ያወራል።

እኩለ ቀን አለፍ ሲል ሄለን በጥድ አፋፍ በኩል መጣች፤ የማኪናው መንገድ ወደ ድልድዩ የሚቀርበው በዚያ ነው። ማኪናው የጎረቤቷ ነው፤ የሰፈሯ እድር ዳኛ ጋሽ ትዕዛዙ ነው ያዋሳት። ራሷ ናት የነዳችው። እንደ ልጅነቷ ከመቀርቀሪያው ሥር ጎንበስ ብላ ገባችና ጉልበቱን ሳመች።

«ማንም አልመጣም?»

«ዝንብ መጥታ ነበር» አለ አያ ውድነህ።

ሣቀች፤ ሣቋ ግን አልቆየም። ፊቱ አመድ መስሏል። «አባዬ፣ በሞቴ እንሂድ። ይህን ግንድ እኔ አነሣዋለሁ፤ አንተ ዓይንህን ጨፍን።»

«አንቺ የቤቱ ልጅ ነሽ። አንቺ ካነሣሽው እኔ ያነሣሁት ነው። ዓመት ይታደሳል።»

«ይታደስ! ጎንደር ተቀምጠህ ይታደስ! ማን ያይሃል?»

«እንዴት ተደርጎ ልጄ? ጎንደር ተቀምጬ በር ጠባቂ ልሁን? እድሩስ?»

 የእድሩን ነገር ያመጣችው ራሷ ሄለን ናት። «የሰፈሬ እድር አባትሽንም እንመዘግባለን ብሎኛል» ስትለው፣ ሽማግሌው እንደ ሕፃን ፊቱ በርቶ ነበር። ስለ ድንኳኑ ጠየቃት። ወንበሩ የማን እንደሆነ ጠየቃት። ለቀስተኛ ሲመጣ የቡና ውኃ ማን እንደሚጥድ ሳይቀር ጠየቃት። ኋላ ፊቱ ጠቆረና «መቀርቀሪያው በእጄ እያለ ማኅበር አልገባም፤ እድርም ማኅበር ነው» አለ። የሚፈልገው ሌላ ነገር የለም። መሬት አልፈለገ፣ ስም አልፈለገ። የደጃዝማች ዕንባቆም ዘር፣ ሲሞት የሚሸከመው ጎረቤት እንዲኖረው ብቻ ነው የፈለገው።

«እሺ፣ እስክትጠልቅ እንጠብቅ» አለች ሄለን። ከቦርሳዋ ዳቦና ውኃ አወጣች። እሱ ከዳቦው ቆረሰና ሳይበላው ኪሱ ከተተው።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራቡ ተራራ ስታዘነብል ከጥድ አፋፍ በኩል ጩኸት መጣ። አንድ ቀይ ላም ከፊት፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ ዱላ ይዞ ከኋላ። አስናቀው ነው። የአያ ውድነህ የሞተችው ሚስት፣ የፅዮን፣ የአጎት ልጅ ነው፤ ቢሆንም በሩን ከረገጠ ዓመታት አልፈዋል።

«ውድነህ! አያ ውድነህ! ይቺን አዝመራ በላተኛ ወደ ማዶዋ መልስልኝ! ጤፌን ጨረሰችው! ባለቤቷ አውቃ ነው የምትለቃት፣ አውቃ!»

ይህን ሲል ከዋርካ ሜዳ በኩል ደግሞ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ነጠላዋን አደግድጋ ደረሰች። ገመዱን የበጠሰ ጥጃ ከኋላዋ ይከተላታል። ባንቺአየሁ ናት፤ የላሟ ባለቤት።

«ምን አልክ አንተ ዝንጉርጉር? የኔ ላም ጤፍ አትበላም! የአንተ ጤፍ ነው እንጂ ድንበር ተሻግሮ የላም አፍ ውስጥ የሚገባው!»

«ጤፍ ይሄዳል?»

«የአንተ ይሄዳል! ጥዱ ሥር ያለው ሣር የሁላችን ነበር፤ አርሰህ ጤፍ ዘራህበት። ላሟ ምን ታድርግ፣ ትጠይቅህ?»

መቀርቀሪያው በመካከላቸው ነው። እሱ ደረቱን፣ እሷ አገጯን አስጠግተውት ይጯጯሃሉ። በዚህ መሐል ጥጃው እናቱን አየ። ክርክሩ አልገባውም፤ ከመቀርቀሪያው ሥር ሹልክ ብሎ አለፈና ጡቷ ላይ ተለጠፈ።

«ወይኔ ወተቴ!» ባንቺአየሁ ጭንቅላቷን ያዘች። «የማታ ወተቴን ጨረሰው! አያ ውድነህ፣ ምነው ቁጭ ብለህ ታያለህ? አንሣው እንጂ!»

«አላነሣውም» አለ አያ ውድነህ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሁለቱም ግን ሰሙት። «ዛሬ ምን ቀን ነው?»

ሁለቱም መቀርቀሪያውን አዩ። የሚካኤልን ጠላ ትናንት ጠጥተዋል፤ ማግስቱን አይረሱም።

«ልኬባችሁ ነበር። ከወዲህ አንድ፣ ከወዲያ አንድ። አሁን ቆማችኋል። ያዙና አንሡት፤ ላሟ ትለፍ፣ እኔም ልሂድ።»

አስናቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እኔ ላም ልመልስ ነው የመጣሁ። በር ቤት ላሰናብት አልመጣሁም። እኔ ማን ነኝ?»

«እኔስ ብሆን?» አለች ባንቺአየሁ። «ያን ያህል ዘመን የቆመ ቤት በኔ እጅ ይፍረስ? ነገ ‹ባንቺአየሁ አፈረሰችው› ሊሉኝ?»

«ጎንበስ ብለሽ ገብተሽ ጥጃሽን አውጪ እንግዲያ» አላት አስናቀው።

«ሎሌ ልሁን? አንተ ጎንበስ በልና ላሟን አምጣልኝ!»

«ላም እኮ ጎንበስ አትልም!»

ሄለን ሣቋ አመለጣት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አያ ውድነህ ግን አልሣቀም። በግድግዳው ተደግፎ ተነሣ፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ፣ ግንዱን እንዳይነኩት።

«እኔ ነገሩን አውቀዋለሁ» አለ። «የምትፈሩት ለኔ ክብር አይደለም። እኔ ከሄድኩ በመካከላችሁ የሚቆም አይኖርም። ያኔ ስለ ሣሩ እርስ በርሳችሁ መነጋገር ሊኖርባችሁ ነው። እስካሁን ‹በር ቤት አለ› እያላችሁ ጀርባ ተሰጣጥታችሁ ኖራችሁ። እኔ ግን ድንጋይ አይደለሁም፤ ሰው ነኝ። ደከመኝ።»

 የጥጃው መጥባት ብቻ ይሰማል፤ ጭፍ፣ ጭፍ።

«ፅዮን ስትሞት» አለና ቆመ።  «ፅዮን ስትሞት መርዶ ለሁለታችሁም ማዶ ደርሷል። አስናቀው፣ የአጎትህ ልጅ ናት። አንተ ‹የባሏ እናት ከዋርካ ሜዳ ናት፤ ወደዚያ የተዳረች ያህል ናት፣ እነሱ ያነሧታል› አልክ። ባንቺአየሁ፣ አንቺ ስንት ቀን በሷ ጨው ወጥ ሠርተሻል። ‹የጥድ አፋፍ ልጅ ናት፣ ዘመዶቿ አሉ› አልሽ። ማን ተሸከማት? እኔ፣ ይቺ ልጅ፣ ቄሱና አንድ መንገደኛ ባለ በቅሎ። ቁልቁለቱ ላይ ቃሬዛው ሲያዘነብል ሄለን ‹አባዬ፣ እማዬ ልትወድቅ ነው› እያለች ታለቅስ ነበር። ክፋት አልነበራችሁም፤ አውቃለሁ። እኛ የማንም አይደለንማ። እኔ እንደሷ መሄድ አልፈልግም። ይኸው ነው።»

ሄለን ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። ባንቺአየሁ የነጠላዋን ጫፍ ታሻለች። ብዙ ጊዜ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ለማልቀስም ለመቆጣትም ስትዘጋጅ የሚመጣው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ራሷም አላወቀችም።

«እኔ እኮ ንፍሮ ቀቅዬ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ያን ቀን። ለለቀስተኛው። ከደጄ ቆሜ ከማዶ ሰው ሲወርድ አያለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ከወረዱ እወርዳለሁ ብዬ። ንፍሮው ደረቀ።»

አስናቀው መሬት መሬት አየ። «እኔም ያንቺን ደጅ ነበር የማየው» አለ።

 ፀሐይዋ የተራራውን ጫፍ ነክታለች።

ባንቺአየሁ መጀመሪያ ነጠላዋን አጠበቀች። ከዚያ በስተግራ ያለውን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘች። «ና እንጂ አንተ ረጅም! ብቻዬን ላንሣው?»

«ጤፌስ?»

«ስለ ጤፍህ ነገ ከደጅህ እመጣለሁ። አንተው ታሳየኛለህ። የበላችውን እንቆጥራለን፣ የዘራህበትንም እንቆጥራለን። ያዝ!»

አስናቀው ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ያዘ። ሁለቱም «በስመ አብ» አሉ። ግንዱ አልነቃነቅ አለ። አያ ውድነህ ጀርባው ላይ ያሉት እጆቹ ተሳቡ፤ ዘመኑን ሁሉ ያነሣው እሱ ነውና የቱ ጋ እንደሚያዝ የሚያውቀው እሱ ነው። ሄለን አይታው ቶሎ ብላ እጆቹን ከኋላ ጨበጠቻቸው። «አባዬ፣ አይሆንም።»

«ወደ ላይ አይደለም» አለ ጥርሱን ነክሶ። «መጀመሪያ ወደ አስናቀው ግፊው፣ ባንቺአየሁ። ከጎድጓዳው ይውጣ።»

ገፋችው። ወይራው ድንጋዩን ፍቆ ተላቀቀ። አስናቀው አቃሰተ፣ ባንቺአየሁ እናቷን ጠራች፤ ወጣ። ይዘውት ቆሙ፤ ወዴት እንደሚያደርሱት አያውቁም።

«ወዴት ነው?» አለ አስናቀው ፊቱ ደም ለብሶ።

«እኔ እንጃ» አለ አያ ውድነህ። «ከዚህ ቀን በኋላ ያለውን አባቴ አልነገረኝም።»

«ወገቤ! ወዴት ነው?»

በግድግዳው ሥር ወደ መሬት ለቀቁት። ጉድ የሚያሰኝ ድምፅ አሰማና ተጋደመ። ቀይዋ ላም ምንም እንዳልተፈጠረ ጅራቷን እየወዘወዘች በመካከላቸው አለፈች፤ ጥጃው ተከተላት። ባንቺአየሁና አስናቀው እያለከለኩ ከግንዱ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ሰው የሚይዝ ሌላ መቀመጫ አልነበረም።

አያ ውድነህ ቆሞ አያቸው። መደሰት ነበረበት። የመጣለት ግን እንቅልፍ ነው፤ ከትከሻው የጀመረ፣ ቀስ እያለ ወደ ጉልበቱ የሚወርድ።

«ቁጭ በል እንጂ አያ ውድነህ» አለች ባንቺአየሁ ጠጋ ብላ። «አሁን ከኛ ጋር ብትቀመጥ ማን ይከሰሃል?»

ከመካከላቸው ተቀመጠ። መካከል መቀመጥ ለምዶበታል፤ ሰው ትከሻው ላይ ሲደገፍ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ኪሱ ውስጥ የቀረችውን ዳቦ አወጣ፤ ለሦስት ቆረሳት። ሁለቱም ተቀበሉት።

«ጎንደር ስትሞት እኛ በምን እንመጣለን?» አለች ባንቺአየሁ እያላመጠች።

«ኧረ አባዬ ገና ነው!» አለች ሄለን።

«አይ፣ ሸጋ ጥያቄ ነው» አለ አያ ውድነህ።

«በማኪና ነዋ» አለ አስናቀው። «ግን ከዚቺ ሴትዮ ጋር በአንድ ማኪና አልጫንም።»

«ከኋላ ከጤፍህ ጋር ትጫናለህ!»

ሲለያዩ አስናቀው ዱላውን ለአያ ውድነህ ሰጠው፤ ዳገቱ ላይ እንዲደገፍበት። ባንቺአየሁ ላሟን ነድታ ስትሄድ ከሩቅ «ነገ ጠዋት! ጤፉ ዘንድ!» ስትል ተሰማች። አስናቀው «ውሻ አለኝ፣ ጩኺ!» ብሎ መለሰ።

ሄለን አባቷን ደግፋ ወደ ማኪናው አደረሰችው። ዕቃው አንድ ከረጢት ነው፤ የፅዮን ፎቶ፣ ሁለት ጋቢ፣ ዳዊቱ። ቀበቶውን ስታስርለት «እድሩ የሚሰበሰበው መቼ ነው?» አላት።

«እሁድ። ከቅዳሴ በኋላ።»

«ወንበር ማመላለስ ግን አልችልም በያቸው። ትከሻዬ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ውኃ መጣድ እችላለሁ።»

«እነግራቸዋለሁ አባዬ።»

ማኪናው ቁልቁለቱን ወረደ። ከታች የሲሚንቶው ድልድይ፣ ጓርዳ ሰፋ ብሎ በሚፈስበት ላይ፣ ገርጥቶ ይታያል። ሄለን «አባዬ፣ ጓርዳን እየተሻገርን ነው» ልትለው ዘወር አለች። የበር ቤት ሰው ወንዝ ሲሻገር ነቅቶ ነው፤ ማን ከፊት እንዳለ፣ ማን ከኋላ እንዳለ እያየ። እሱ ግን አፉን ከፈት አድርጎ፣ የአስናቀውን ዱላ በጉልበቱ መካከል ይዞ፣ እንቅልፉን ይተኛል።

አልቀሰቀሰችውም። ማርሹን ቀነሰች፤ እንዳይንገጫገጭ ቀስ ብላ ተሻገረች።